ሚስማር ላይ የተሰቀለው ሲሪንጅ

እኔ ሶኬት ነቃይ ነኝ። መብራት ደብዘዝ ካለ ወይም ሰማዩ ካጉረመረመ፣ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ግድግዳው ላይ ይገኛል። ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ የስልክ ቻርጀሩን አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ምክንያት አለኝ። ሰበታ በገባን በሁለተኛው ዓመት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ፍሪጃችንን አቃጥሎብናል። ከዚያ ወዲህ ልጄ "የመብራት አዛዥ" እያለች ትቀልድብኛለች። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ የማወራው ነገር ግማሹ ከዚህ አመሌ ስለመጣ ነው።

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ይቅር እየተባለ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ መንገድ የሚዘጋበት ነበር። አንድ ቀን ሰላም ይሆናል። በማግስቱ የጅማ መንገድ ላይ ድንጋይ ይደረደራል፣ ጎማ ይነዳል፣ ሚኒባሶቹ ይጠፋሉ። የምሠራበት የአበባ እርሻም "እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ" ብሎ ከበተነን ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። እዚያ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ጠብታ መስኖ ላይ ነው። በየአበባው ሥር ውሃ የሚያንጠባጥቡትን ቀጫጭን ጥቁር ቱቦዎች እጠብቃለሁ፤ የተደፈነውን እከፍታለሁ፣ አየር የያዘውን አስተነፍሳለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቱቦ ግን አውቃለሁ።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ ጥቂት ቀርቷት ነበር። የምታጠናው ስለ እንሰት ነው። እኔ የተወለድኩት እንሰት በሚበላበት አገር፣ ደቡብ ነው። የእናቴ ጓሮ በአጠውልግ በሽታ ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይንጠለጠላል፣ በመጨረሻ የስንት ዓመት ልፋት ቆሞ ይበሰብሳል። ልጄ ይህን ከእኔ ስትሰማ ነው ያደገችው።

አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት።

"ዲኤንኤ ማለት ረጅም ክር ነው በይው" አለችኝ። "የእንሰቱ ጠባይ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። ፕሮቲን የሚባለው ደግሞ እንደ ሠራተኛ ነው። መጥቶ ክሩ ላይ ቦታውን ሲይዝ ነው ተክሉ በሽታውን መከላከል የሚጀምረው።"

"ሠራተኛ ከሆነ የራሱን መስመር ያውቃላ። እኛም ሁላችንም መስመር አለን።"

"እሱን እኮ ነው የምፈልገው! መስመሩ የትኛው እንደሆነ!"

ለመፈተን ስልሳ ያህል የክር ቁርጥራጮች ነበሯት። በእጅ ሲሠራ አንዱን ቁራጭ ከፕሮቲኑ ጋር ማደባለቅ፣ መጠበቅ፣ ማጠብ፣ ማየት፤ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ሳምንታት ይፈጃል። እጅም ይደክማል፣ ይሳሳታል። ስለዚህ ሥራውን ራሱ በራሱ የሚሠራ ነገር ሠራች። ቺፕ ትለዋለች። ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ፣ እንደ ማስቲካ የምትለሰልስ፣ መስተዋት ላይ የተለጠፈች ግልጽ ጎማ ናት። ውስጧ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮችና ስልሳ አራት ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ሆን ተብለው ባዶ ከተተዉት ከሁለቱ በቀር፣ በየክፍሉ የተለያየ የክር ቁራጭ፣ የሚያበራ ቀለም ተቀብቶ፣ ደርቆ ተቀምጧል። ፕሮቲኑ በቦዩ ይገባና ለየክፍሉ ይዳረሳል። በሮቹን የሚከፍትና የሚዘጋቸው የታመቀ አየር ነው። አየሩን ደግሞ ላፕቶፑ ያዘዋል።

በእሷ ማጉያ መነጽር አጎንብሼ ሳያት ጮህኩ።

"ይሄ የእኛ እርሻ ነው! ይኸው ዋናው መስመር፣ ይኸው ቅርንጫፉ፣ ይኸው ቫልቩ! ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም እማዬ። ውሃ የትም አንድ ነው።"

ፕሮቲኑን የምታወጣው ግን እዚሁ ሰበታ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። አራት ወር ፈጅቶባት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አገኘች። አንድ አርብ ጠዋት ብልቃጧን በበረዶ ፔርሙስ ይዛ መጣች። ሁለቱ ቺፖችና በላፕቶፑ ትእዛዝ አየሩን የሚለቀው ሳጥን ቤት ነበሩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ትእዛዙን ስትጽፍለት ሰንብታለች። ሁሉንም ይዛ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲዋ ልትሄድ ወጣች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች።

"ተዘግቷል። አንድም ታክሲ የለም።"

"ፕሮቲኑን ወደ ቤተ ሙከራው መልሺው።"

"እነሱም ዘግተው ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ልከዋል።"

"በረዶው ላይ ምን ያህል ይቆያል?"

"እስከ እሑድ ማታ። ከዚያ ይበላሻል። ክሩን መያዝ አይችልም።" ፔርሙሱን አቅፋ ቆማለች። "እማዬ፣ ጽሑፌን ላስገባ የቀረኝ አሥር ቀን ነው። ሌላ ለማውጣት አራት ወር ከየት አመጣለሁ? በእግሬ እስከ ዓለም ገና ልሂድና ከዚያ..."

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬንም ዘረጋሁ።

"እኔን ረግጠሽ ካለፍሽ።"

አየችኝ። እንደማልነሳ ገባት። ቀስ ብላ ፔርሙሱን አስቀመጠችና "እሺ። እዚሁ እሠራዋለሁ" አለች። እኔ እንድትቀር ብቻ ነበር የፈለግኩት፤ ቤቴ ቤተ ሙከራ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ልቤ እንደ ልጅ ይዘል ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። አቧራ ቦዩን ይደፍናል ስላለችኝ በሩ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቀልኩ። ጫማ ውጭ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ሲሪንጁን በዝግታ የሚገፋ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አስቀመጠች፤ ከእሱ ቀጭን ቱቦ ወደ ቺፑ ይሄዳል። አራት ሰዓት ላይ አስነሳችው። ፓምፑ እንደ ንብ ጥዝ እያለ ፕሮቲኑ ጉዞ ጀመረ። ሁሉም ደህና መሆኑን አይታ በረዶ ልታመጣ ወደ ጎረቤታችን ሄደች።

ጎረቤታችን የሰበታ የጥንት ነዋሪ፣ ገበሬ ሽማግሌ ናቸው። ትልቅ ፍሪጅ አላቸው፤ ጣሪያቸው ላይም ሶላር ተክለዋል። ከከተማው ጫፍ ያለችው መሬታቸው ፕላኑ ውስጥ ትገባለች ከተባለ ወዲህ ሳቃቸው ቀንሶ ነበር። ለልጄ ግን ምንም ነገር ከልክለዋት አያውቁም።

እሷ እንደወጣች ከዋናው መንገድ በኩል የሰው ጩኸት መጣ። አንድ ነገር ጧ አለ፤ ተኩስ ይሁን ጎማ አላወቅኩም። አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ። ፍሪጁን ነቀልኩ። ሦስተኛውንም ነቀልኩ። ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለ።

የንቧ ድምፅ የለም።

ሶኬቱን መልሼ ስሰካው ፓምፑ ግር ብሎ ተነሳ፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሳበ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ገፋ። ቀጭኑ ቱቦ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ክፍተት ብቅ አለች። አየር! ዘጠኝ ዓመት ያሳደድኩት ጠላቴ በገዛ እጄ ገባ። ቆሜ እያየሁት ቺፑ ውስጥ ሰረገ።

ልጄ ስትመለስ ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር። የታጠፈውን ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ።

"እንዴ!" አለች መነጽሩ ላይ ተደፍታ። "ክፍሎቹ በሙሉ አየር ሞልተዋል! ይሄ ከየት መጣ? ፓምፑ ቆሞ ነበር እንዴ?"

አንዱን ጨርቅ እንደገና ዘረጋሁ።

"እማዬ?"

"መብራቱ ደብዘዝ ሲል..."

"ነቀልሽው።"

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ "የመብራት አዛዥ" አለች፤ ሳቅም ለቅሶም ነበረበት። አንዱ ቺፕ ሞተ። ግማሹ ፕሮቲን ከእሱ ጋር ሄደ። አንድ ቺፕና ግማሽ ብልቃጥ ቀረን። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሰፈሩ መብራት ጨርሶ ጠፋ። "አየሽ፣ ባትነቅይውም ሊጠፋ ነበር" አለችኝ ልታጽናናኝ። አልተጽናናሁም። አንድ ሰዓት እኮ ብዙ ነው።

እሑድም መብራት አልመጣም። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ስላልነበረ እዚያው ቤት ጸለይን። እኔ ለብልቃጧ ጸለይኩ፤ ጌታ እንዲህ ዓይነት ልመና ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም። ሳጥኑና ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራሉ፤ ሽማግሌው የሶላራቸውን ባትሪ አመጣላችኋለሁ ብለዋል። ፓምፑ ግን ያለ ግድግዳ መብራት አይሠራም። ልጄ አገጯን ይዛ ፔርሙሱን ታያለች። በረዶው ግማሹ ውሃ ሆኗል።

"ይሄ ፓምፕ ሥራው ምንድን ነው?" አልኳት።

"ፈሳሹን ቀስ አድርጎ መግፋት።"

"ሌላ የለውም?"

"ሌላ የለውም እማዬ።"

"እኛ ጋ ጄኔሬተሩ ሲበላሽ ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ? የውሃው ሮቶ ማማ ላይ ነው። ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። እንዲያውም ያን ቀን ቱቦው አይፈነዳብንም፣ አየርም አይበዛብንም።"

ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። አምና የሰቀልነው የቀን መቁጠሪያ ያለበትን ሚስማር አየች። ከዚያ ብድግ ብላ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ቁጥር ታባዛለች፣ ታካፍላለች፣ ትሰርዛለች።

"ይበቃል!" አለች። "እማዬ፣ ቁመቱ ይበቃል! ሲሪንጁን ከፍ ካደረግነው ይፈጥናል፣ ዝቅ ካደረግነው ይዘገያል!"

"ምን ይደንቃል? ሮቶውን ለምን ማማ ላይ ያወጡት መሰለሽ?"

የቀን መቁጠሪያውን አውርጄ ሲሪንጁን በሲባጎ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ከፍና ዝቅ የማደርግበት እንዲሆነኝ ሲባጎው ላይ በየሁለት ጣቱ ቋጠሮ አሰርኩ። ቺፑን ልታስቀምጥ ስትል ያዝኳት።

"መጀመሪያ ስትሞዪው አዘንብዪው። መግቢያው ከታች፣ መውጫው ከላይ። መውጫውን ክፍት ተዪው። አየር ወደ ላይ ካልሆነ የት ይሂድ?"

"ይሄንንማ አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ትናንት ለምን ጠፍጣፋ አስተኛሽው?"

ሳቀች። ከአርብ ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ቺፑን በመጽሐፍ አስደግፋ አዘነበለችው።

ሽማግሌው ባትሪውን በእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ።

"አካም ጂርቱ?" ብለው ከደጅ በኦሮምኛ ደህንነታችንን ጠየቁ።

"ነጋ አባባ፣ ይግቡ። ጫማዎን ግን ያውልቁ" አልኳቸው።

"መስጊድ ሆነ እንዴ ቤትሽ?" እያሉ አወለቁ። ገብተው ቺፑን አጎንብሰው አዩ። "ይህች ናት የእንሰት መድኃኒት?"

"መድኃኒት አይደለችም አባባ" አለች ልጄ። "ገና መስመሩን ነው የምንፈልገው።"

"መስመር? የእኔንም መሬት መስመር ያሰመሩባት አሉ። ሳይጠይቁኝ።" እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "ያንቺው ይሻላል። ምን ልያዝልሽ?"

አየሩ የሚታመቅበት ትንሽ ጠርሙስ በብስክሌት መንፊያ መሞላት ነበረበት። መንፊያውን ሰጠቻቸው። "አንቱ ይደክምዎታል፣ እኔ ልንፋ" ስላቸው ተቆጡ፤ "ማረሻ የያዝኩ ሰውዬ ለብስክሌት ጎማ ልደክም?" አሉኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ጀመርን። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ሲባጎውን ይዣለሁ። ልጄ መነጽሩ ላይ ናት። ሽማግሌው መንፊያው ላይ ናቸው።

"አንድ ቋጠሮ ዝቅ" ትላለች። ዝቅ አደርጋለሁ። "ጎሽ። እዚያው ይቁም።"

ሳጥኑ ጠቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። ማንም አልነካውም። ላፕቶፑ እያዘዘ አንዱ በር ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል። እርሻ ላይ ሦስተኛው የአበባ ቤት ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ ወደ አራተኛው እንደሚታለፈው ያለ ነው፤ ግን ስልሳ አራቱም ቤቶች በክብሪት ቀፎ ላይ! ሳምንታት የሚፈጀውን እጅ ሳይገባበት በሁለት ሰዓት! በጠቅታው ቁጥር ልቤ አብሮት ጠቅ ይላል። ልጄ ይህን ከጭንቅላቷ አውጥታ የሠራችው መሆኑን ያን ጊዜ ነው በትክክል የገባኝ።

ሰዓቱ ሲጋመስ "ውይ" አለች።

"ምንድነው?"

"አየር። መግቢያው ላይ። ትንሽ ናት ግን እየመጣች ነው።" ድምፅዋ ቀጠነ። "በኃይል ልግፋት?"

"እንዳትነኪያት! አየር ሲገፉት ይበታተንና ቤት ሁሉ ይገባል። ከቤቶቹ በፊት ወደ ጎን የሚያስወጣ በር አለው?"

"አለው። የቆሻሻ መውጫ አለው።"

"ቤቶቹን ዝጊ። የጎኑን ክፈቺ። ራሷ ትወጣለች።"

ጣቶቿ ላፕቶፑ ላይ ሮጡ። ጠቅ፣ ጠቅ። እኔ ከወንበሩ ላይ ሆኜ የማየው ጀርባዋን ብቻ ነው።

"ዞረች" አለች በሹክሹክታ። "እየሄደች ነው። እየሄደች... ወጣች! እማዬ ወጣች!"

እልል አልኩ። ወንበሩ ተነቃነቀና ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ያዙልኝ።

"ምን ተገኘ?" አሉ።

"አየሩ ወጣ!"

"ለወጣ አየር ነው እልልታው? እኔ ስንቱን አየር ከጠዋት ጀምሮ እያስገባሁ አይደል!"

ስንስቅ ልጄ "ዝም በሉ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል" አለች፤ እሷም ግን እየሳቀች ነበር።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ፕሮቲኑ ለሁሉም ክፍል ደርሶ ነበር። ቀጥሎ በየክፍሉ ያለች ትንሽ መክደኛ ወርዳ ከፕሮቲኑ ጋር የተያያዘውን ክር ትጫናለች፤ ያልተያያዘው ታጥቦ ይወጣል። ፕሮቲኑ ክሩን ይዞት ከሆነ ያ ክፍል ያበራል። ካልያዘው ይጨልማል። ፕሮቲኑ ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ጨለማ ነው። ይህን ስታስረዳን ሳቃችን ቆመ።

መስኮቱን በብርድ ልብስ ከለልኩ። ልጄ ሰማያዊ የባትሪ መብራት አብርታ፣ ስልኳ ላይ ብርቱካንማ ፕላስቲክና ማጉያ ለጥፋ አጎነበሰች። ልክ በዚያች ሰከንድ የሰፈሩ መብራት መጣ። አምፖላችን ቦግ አለ፤ ቤቱ ቀን ሆነ።

"አይታየኝም! እማዬ አጥፊው!"

በሕይወቴ አጥፊ ተብዬ ታዝዤ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን መታሁት። የቻርጀሩን ቀይ መብራት ነቀልኩ። የፍሪጁንም ነቀልኩ። አንድም ብርሃን አላስቀረሁላትም።

"አሁንስ?"

ስልኩ ላይ እንደተደፋች ናት።

"አንቺ ልጅ፣ አሁንስ?"

"ኑ እዩ" አለች።

የስልኩ መስተዋት ላይ ስልሳ አራት ጥቁር ነጥቦች ተደርድረዋል። ከእነሱ መካከል፣ አንድ ረድፍ ላይ፣ ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች ጎን ለጎን ያበራሉ። ጨለማ ውስጥ ከሩቅ እንደሚታይ የሰው ቤት።

"ባዶ የተውሻቸው ክፍሎችስ? እነሱ ሊያበሩ አይገባም ብለሽ ነበር" አልኳት። ጥንቃቄዬ እዚያም አልተወኝም።

"ጨለማ ናቸው! ሁለቱም ጨለማ ናቸው! መስመሩን ያውቃል እማዬ፣ ሄዶ ተቀመጠ!"

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሽማግሌው ስልኩን ዓይናቸው ሥር አቅርበው ቆዩ። "ሦስት ብቻ ናቸው እኮ" አሉ።

"ሦስት ብቻ መሆናቸው ነው ደስታው አባባ!"

"እንግዲያ ደስ ይበለን" አሉና መንፊያውን እንደያዙ ተቀመጡ።

ፎቶውን አሥር ጊዜ አስነሳኋት።

ማክሰኞ መንገዱ ተከፈተ። ሦስት ሹፌሮች እስከ አዲስ አበባ ሰላም መሆኑን ካረጋገጡልኝ በኋላ ነው ያሳፈርኳት። ቺፑ ደረት ኪሷ ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲያጉረመርም ቻርጀሩን ልነቅል እጄን ዘርግቼ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

"የዩኒቨርሲቲው ትልቁ መሣሪያ አነበበው!" አለችኝ፤ የምትሮጥ ይመስላል። "ሦስቱም እዚያው ናቸው! መምህሬ በቀኑ አስገቢ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። እንዴት እንደሠራሁት ስጽፍ የሲሪንጁን ቁመት መጻፍ አለብኝ። ሳልለካው መጣሁ። አሁንም ተሰቅሏል?"

ተሰቅሏል። ማንም እንዳይነካው ከልክዬ ነበር። የልብስ መለኪያዬን ይዤ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። የመጨረሻው ቋጠሮ ላይ እንዳለ ከሲሪንጁ እስከ ጠረጴዛው ለካሁ።

"ዘጠና አራት ሳንቲ ሜትር" አልኳት።

"እርግጠኛ ነሽ? ጽሑፌ ላይ የሚወጣ ነው።"

"ቆይ" አልኳትና፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ እንደገና ለካሁ።